ስርጉዳትና ስቱኮ

ከዲላ ተነሥቶ ወናጎን አልፎ ይርጋ ጨፌ የሚደርሰው፣ ከዚያም አስፋልቱን ትቶ በቀዩ አፈር ላይ ወደ አሪቻ የሚያቀናው ባለ መኪና፣ ነጋዴም ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ በሌላው ጉዳይ ሁሉ ቢከራከርም በአንድ ነገር ግን ከጎረቤቱ ጋር ልቡ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም የመኪናው ላሜራ ጥቂት እንኳ የሰረጎደ እንደ ሆነ፣ መቀጥቀጥ፣ ስቱኮ የሚባለውን ሙሌት መለሰንና እንደ ገና ቀለም መቀባት ነው እንጂ ሌላ መድኀኒት የለውም የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት ማን እንደ ደነገገው ሳይታወቅ እንደ ቀኖና ጸንቶ፣ ጋራዡ ለባለ መኪናው፣ ባለ መኪናው ለልጁ፣ ደላላውም ለገዢው እያስተላለፈው እስከ ዛሬ ኖሯል። እኔ ግን ብዙ ሰው የተስማማበት ሁሉ እውነት ነው ብሎ መቀበል ሕሊናዬ እንቢ ስላለኝ፣ ነገሩን ከሥሩ መርምሬ ልቃወመው ተነሥቻለሁ፤ ደኅናውን ስለ ተበላሸው ብሎ የሚያጠፋ፣ ባለቤቱን የሚያከስር፣ የሙያተኛውንም እጅ የሚያደነዝዝ ስሕተት ነውና።

በቅድሚያ የክርክሩን ድንበር ላስምር። ስለ ተገለበጠ መኪና ወይም አይሱዙ ስለ ደፈጠጠው በር አይደለም የምናገረው። የምናገረው ላሜራው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀለሙ ግን ሳይሰነጠቅ ስለሚቀርበት ስለ ትንሹ ስርጉዳት ነው። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በጌዴኦ ምድር ምንጩ ብዙ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መልክዐ ምድር፣ ሰውና ቡና እንሰትም ጭምር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በአንድነት የሚኖሩበት ስለ ሆነ፣ መኪናም እንደ ሌላው ሁሉ ዛፍ ሥር ይቆማል፤ ከዛፎቹም መካከል አቮካዶ አለ። ገና ያልበሰለ፣ ጠንካራ አቮካዶ ከላይ ወርዶ ኮፈኑን ወይም ጣራውን በመታ ጊዜ የሚተወው ምልክት ክብ፣ ዳር ዳሩ ለስላሳ፣ ጥልቀቱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለሙ ሳይነካ በውስጡ ሰማዩን እያሳየ ያብረቀርቃል። በመኸሩ ወራት ደግሞ የባጃጅ ጎን፣ የሞተር ሳይክል መሪ፣ ከትከሻ የወረደ ጆንያ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ በችኮላ የተከፈተ የጎረቤት በር፣ ሁሉም የየራሱን ማኅተም ያትማል። ከእነዚህ መካከል እጅግ ብዙዎቹ ቀለሙን ሳይሰነጥቁ የሚያልፉ ናቸው፤ ክርክሬም በእነዚህ ላይ ነው።

አሁን፣ ይህ ሳይነካ የቀረ ቀለም ምን እንደ ሆነ ጠይቀን እንወቅ፤ የሚንቁት ሰዎች ምንነቱን ሳያውቁ ነውና የሚንቁት። መኪና በፋብሪካ ሲሠራ፣ ገና ጎማም መስተዋትም ወንበርም ሳይገባበት፣ ራቁቱን የቆመው የብረት አካል መጀመሪያ ታጥቦ ፎስፌት በሟሟበት ፈሳሽ ይለበጣል፤ ቀጥሎም ሙሉ በሙሉ በገንዳ ውስጥ ተጠምቆ በኤሌክትሪክ ኃይል ዝገት የሚከላከል ሽፋን እስከ ጓዳ ጎድጓዳው ድረስ ይለብሳል፤ ይህም ሽፋን ከ160 እስከ 180 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይጋገራል። በላዩ መሠረቱ ቀለም፣ ከዚያ ኅብሩ፣ ከዚያም እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀው ቫርኒሽ ይከተላል፤ እነዚህም በ140 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራሉ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሁለት የሰው ጠጉር ብዙ አይበልጥም። መኪናው አንድ ጊዜ ተገጣጥሞ ጎማውና ፕላስቲኩ፣ ሽቦውና ጨርቁ ከገባበት በኋላ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ማንም መልሶ ሊያስገባው አይችልም፤ ቢያስገባው ያቀልጠዋል። እጅግ ደኅና የሚባለው የጥገና ምድጃ እንኳ 60 ዲግሪ ገደማ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የፋብሪካው ቀለም በመኪናው ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ከተገፈፈ በኋላ የሚተካው የእርሱ አምሳል እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ምድጃው የለም፤ ምድጃችን ፀሐይ ነው። በአሪቻ መፈልፈያ ጣቢያ አልጋ ላይ የተሰጣው የታጠበ ቡና በቀትር ፀሐይ ቢቸኩሉበት ቅሽሩ እንደሚሰነጠቅ የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ ስለዚህም ፀሐይ ስትበረታ ይሸፍነዋል፣ ስትበርድ ይገልጠዋል። ያው ሰው መኪናውን ወደ ጋራዥ በወሰደ ጊዜ ግን ይህን ጥበቡን በር ላይ ትቶት ይገባል። አቧራ በሚነሣበት ግቢ፣ በልጉም ክረምቱም በማይለቀው እርጥብ አየር ውስጥ የተረጨው ቀለም፣ ላዩ በፀሐይ ፈጥኖ ሲደርቅ ከሥሩ የታፈነው ቲነር መውጫ አጥቶ ውሎ አድሮ በብጉንጅ መልክ ብቅ ይላል። ባለቤቱም «ቀለሙ ጥሩ አልነበረም» ብሎ ቆርቆሮውን ይወቅሳል።

የሥራውን ሂደት ራሱን እስቲ እንመልከት። አቮካዶ የሰረጎደው ያ ኮፈን ወደ ጋራዥ ይገባል። ሙያተኛው መጀመሪያ የሚያነሣው መዶሻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ዕዳውን እተውለት ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው መሞረጃውን ነው። የስርጉዳቱ ስፋት የእጅ መዳፍ ቢያህል፣ ስቱኮው እንዲይዝለት ብሎ የሁለት መዳፍ ያህል ቀለም እስከ ባዶው ብረት ይገፍፋል፤ በዚህች በአንዲት ደቂቃ ያ በገንዳ የተጠመቀው፣ በእሳት የተጋገረው ሽፋን ዱቄት ሆኖ መሬት ይወርዳል። ከዚያ ከትንሿ ቱቦ ማጠንከሪያውን (ሃርድነሩን) ጨምቆ ስቱኮውን ያሽና ይለስናል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ እንደ ገና ይለስናል፣ እንደ ገና ያሻል። ስቱኮ ብረት አይደለም፤ በሙቀትና በብርድ ብረቱ በሚዘረጋበትና በሚሰበሰብበት ልክ አይዘረጋም አይሰበሰብም፤ እርጥበትንም ይስባል። የጎርባጣው መንገድ ንቅናቄ ሲጨመርበት ከዳሩ እንደ ጭረት የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ከሥሩም ያ ራቁቱን የቀረ ብረት ማንም ሳያየው ይዝጋል። ሰው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያየውን ብሩህነት ብቻ አይቶ መኪናዬ ዳግም ተወለደች እያለ ይደሰታል።

የኅብሩም ነገር አለ። የቶዮታ ነጭ ለምሳሌ አንድ ነጭ አይደለም፤ በመኪናው የመለያ ሰሌዳ ላይ 040 ተብሎ የተጻፈው ተራ ነጭ ሲሆን፣ 070 የተባለው ደግሞ በሦስት ደረጃ የሚረጭ፣ በውስጡ የዕንቍ ብልጭታ ያለበት ነጭ ነው። ይህን ሁለተኛውን በአንድ የኋላ በር ላይ ብቻ ቀብቶ ከጎኑ ካለው ጋር ማስማማት ለሠለጠነ ሰው እንኳ ጭንቅ ስለ ሆነ፣ ቀቢው ልዩነቱን ለማደብዘዝ ወደ ፊት በሩና ወደ ኋላው ክንፍ ይሻገራል። እንግዲህ በአንድ በር ላይ ያለች የሳንቲም ያህል ስርጉዳት ሦስት አካላትን አስቀባች ማለት ነው። ይህን ጥገና ብሎ መጥራት የሚደፍር ካለ፣ ጥፋት የሚለውን ለምን ሊያስቀምጠው እንደ ሆነ ይንገረኝ።

«እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለኝ መልሱ በብረቱ ጠባይ ውስጥ አለ። ላሜራ፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም፣ በፋብሪካው ማተሚያ ኃይል የተቀበለውን ቅርፅ አጥብቆ ይይዛል። በተመታ ጊዜ የሚሰረጉደው ስፍራ ሁሉ ቅርፁን ረስቶት አይደለም፤ እውነተኛው መጣመም የደረሰባት በመካከሉ ያለች ትንሽ ነጥብና በዳሩ የተቆጣው ክብ ብቻ ናቸው፤ የቀረው እነዚህ ይዘውት ነው እንጂ ራሱ ሊመለስ የሚወድ ነው። ስለዚህ ሥራው መሙላት አይደለም፤ የያዘውን መፍታት ነው። ይህንንም የሚያደርጉት ሰዎች ረጃጅም፣ ጫፋቸው የተለያየ መልክ ያለው የብረት ዘንጎች ይዘው፣ በበር ከሆነ መስተዋቱ በሚወርድበት ክፍተት፣ በኮፈን ከሆነ ከሥሩ ባለው ድጋፍ መካከል አሾልከው፣ ከላሜራው ጀርባ ይደርሱና ቀስ እያሉ ይገፉታል።

በቅርብ የተመለከተው ሰው የሚገርመው የእጁ ብርታት ሳይሆን የዓይኑ ትጋት ነው። ሠራተኛው ላሜራውን አያይም፤ የሚያየው በላሜራው ላይ የሚያርፈውን የመብራት መስመር ነው። ቀጥ ያለ የመብራት ዘንግ ወይም ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሰሌዳ ከጎን ያቆማል፤ ደኅና በሆነው ስፍራ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስርጉዳቱ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ይቋጠራል። የዘንጉ ጫፍ ከጀርባ ሲነካ በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ትንሽ ንቅናቄ ይታያል፤ ጫፉ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚያች ንቅናቄ ነው። ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል፣ በእያንዳንዱ ግፊት ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስፍራ እያነሣ፣ ብዙ መቶ ጊዜ ይገፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ከልክ በላይ ቢገፋ ከላይ ብጉር ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከላይ ጫፏ በተድበለበለ ፕላስቲክ ወይም እንጨት መታ መታ አድርጎ ይመልሰዋል። ከጀርባ መድረሻ በሌለበት ደግሞ በጋለ ሙጫ መጎተቻ አጣብቆ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ሙጫውንም በአልኮል ያላቅቀዋል። ብርድ በሚበረታበት በደጋው ወገን በማለዳ የሚሠራ ከሆነ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ ላሜራውን ያሞቀዋል። በመጨረሻ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ይላል፤ ሥራው ማለቁን የሚያውቀው በዚህ ነው። አንድ ጠብታ ቀለም አልፈሰሰም፣ አንድ ቅንጣት ስቱኮ አልገባም።

(በስልክ በሚዘዋወሩት ቪዲዮዎች ተታለው ኮፈናቸው ላይ የፈላ ውኃ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። የፈላ ውኃ የሚሠራው በፕላስቲኩ መከላከያ ላይ ነው። ብረት በሻይ ጀበና አይታዘዝም።)

ከተቃዋሚዎቼ መካከል ድምፁ ከፍ ያለው «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። በርግጥ የሙያው ሰዎች የዚህን ጥበብ ጅማሬ ሲተርኩ በ1960 እ.ኤ.አ. ኦስካር ፍላይግ የተባለ የመርሴዲስ ቤንዝ ሠራተኛ በኤግዚቢሽን የቆሙ መኪኖችን ስርጉዳት ከውስጥ እየገፋ ሲያወጣ፣ ቀለም መቀባት ከቶ እንዳላስፈለገው አስተዋለ ይላሉ። ነገር ግን ስቱኮስ ከየት መጣ? ከጌዴኦ ዋሻ ተቆፍሮ ወጣን? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተስፋፋ የፋብሪካ ውጤት አይደለምን? ከእርሱ በፊት የነበረው ባትላሜራ፣ በአውሮፓም ሆነ በእኛ ዘንድ፣ ከአንድ ወገን መዶሻ ከሌላው ወገን ድጋፍ ብረት ይዞ፣ በመዳፉ እየዳሰሰ ላሜራውን ወደ ቅርፁ የሚመልስ የብረት ሰው ነበር፤ የቀረችውንም እንከን በሞረድ ወይም በእርሳስ ብረት ያስተካክል ነበር እንጂ ጭቃ አይለስንም ነበር። ስቱኮ የመጣው ለዚያ ትዕግሥት ምትክ ሆኖ ነው። በመሆኑም ቀለሙን ሳይነኩ መግፋት ለባትላሜራው እንግዳ ሃይማኖት ሳይሆን ወደ ገዛ ሙያው መመለስ ነው። መሣሪያውም ቢሆን ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላዋና ማጭድ የሚቀጠቅጠው የአገራችን ብረት ሠሪ፣ ምን ዓይነት ዘንግ እንደሚፈለግ ቢያሳዩት መሥራት አያቅተውም።

ይሁን እንጂ እውነተኛው እንቅፋት መሣሪያው አይመስለኝም፤ የክፍያችን ልማድ ነው። ባለ መኪናው የቀለም ቆርቆሮ ሲከፈት፣ ስቱኮ ሲታሽ፣ ወረቀት ሲለጠፍ፣ ጭጋጉ ሲነሣ ካየ ገንዘቡን ሳያመነታ ይከፍላል፤ ዕቃ ወጥቶበታልና። አንድ ሰው ግን በዘንግና በመብራት ብቻ ከዕቃ ምንም ሳያስገባ ስርጉዳቱን ቢያጠፋለት፣ «ምን ጨመርክበትና ነው?» ብሎ ይከራከረዋል። ጥበበ እድን የሚንቅ ይህ ጠባይ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት፣ ብረት ሠሪውና ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ፋቂው በሥራቸው ይዋረዱ ስለ ነበር ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት መሆኑ ያስደንቀኛል፤ መኪናው ገባ፣ አዋጁም ተነገረ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ መኪናውን ሁሉም አክብሮ ሲይዘው፣ ብረቱን በእጁ የሚያቀናውን ሰው ግን አሁንም በዕቃው እንጂ በእጁ ልንከፍለው አንወድም። ስድቡ ከአፍ ወረደ፤ ከኪስ ግን አልወጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የባትላሜራውንና የቀቢውን እንጀራ ይዘጋል» የሚል ነው። ርኅራኄው የሚመሰገን ነው፤ ነገሩ ግን ሲመረመር ባዶ ነው። ቀለሙ የተሰነጠቀ፣ የዛገ፣ የተጋጨ መኪና በዚህ አገር እስካለ ድረስ፣ ያም ለብዙ ዘመን ነው፣ ቀቢ ሥራ አያጣም። ይልቅስ ለቀቢው ከልብ የሚያዝን ሰው ስለ ሳንባው ያስብለት። ከሃርድነር ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው የመኪና ቀለም ኢሶሲያኔት የተባለ ነገር አለበት፤ ይህም በሚተነፍሱት ሰዎች ላይ የአስም በሽታ እንደሚያመጣ በሕክምና ዘንድ የታወቀ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መከላከያ በጨርቅ አፍን መሸፈን አይደለም፤ በየግቢው የምናየው ግን ጨርቅ ነው። ያው ጭጋግ ከግቢው አጥር አልፎ የት እንደሚሄድም የአሪቻ ሰው ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ቡና የአካባቢውን ሽታ የሚስብ ፍሬ መሆኑን እያወቀ፣ በአበባ መዓዛው በዓለም ገበያ የሚታወቀውን ቡና ያከማቸበት መጋዘን አጠገብ ቲነር ሲረጭ ዝም ማለቱ ለእኔ ከምስጢር የጠለቀ ነው።

የዚህ ጥበብ ወሰን የት እንደ ሆነም ልሸሽግ አልፈልግም። ቀለሙ ከተሰነጠቀ፣ ላሜራው ስለታም እጥፋት ከያዘ ወይም ከመጠን በላይ ከተለጠጠ፣ ጉዳቱ በጠርዙ ላይ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ስቱኮ የገባበት ከሆነ መግፋት ጥቅም የለውም፤ አሉሚኒየም የሆነ አካልም ከብረቱ ይልቅ እልከኛ ነው። በእነዚህ ጊዜ ባትላሜራውና ቀቢው ይጠሩ፤ ማንም አይነቅፋቸውም። ነቀፌታዬ እነርሱ ሳይጠሩ መዳን የሚችለው ሁሉ በእነርሱ ስም በመገፈፉ ነው።

በመጨረሻም የገንዘቡ ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ራሳቸው ሳያውቁት ይመሰክሩልኛል። መኪና ሲሸጥ «ቀለም ያልተነካ» የሚለው ቃል ዋጋ የሚጨምር መሆኑን ደላላው ሁሉ ያውቃል። ጠንቃቃ ገዢም ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣና በበሩና በኮፈኑ ላይ ያንሸራትታል፤ ማግኔቱ ሳይዝ በወደቀበት ስፍራ ከሥር ስቱኮ እንዳለ አውቆ ዋጋውን ይሰብራል። ታዲያ ያው ደላላ፣ ያው ገዢ፣ የገዛ መኪናቸው በሰረጎደች ማግስት ስቱኮ ሊያስለስኑ ይሮጣሉ። በሽያጭ ቀን የሚረክሰውን ነገር በጥገና ቀን የሚከብር ማን አደረገው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ዛሬ በይርጋ ጨፌ አስፋልት ላይ የሚሄደው ኮሮላና ቪትዝ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። የሚያረጀው በሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ሞተር ይታደሳል፣ የዛገ አካል ግን አይታደስም፤ ዝገቱም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ብርጭቆ ወረቀቱ ከነካው ስፍራ ነው።

እንግዲህ በዲላና በአካባቢው ለሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የማሳስበው፣ ለወጣቶቹ ስቱኮ ማሸትን ከማስተማራቸው በፊት የመብራት መስመር ማንበብንና ዘንግ መያዝን ያስተምሯቸው ዘንድ ነው። ለባለ መኪናው የምለው ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ ቁልፉን ለጋራዡ ከመስጠትዎ በፊት ስርጉዳቱን በጥፍርዎ ዳስሰው ይመልከቱ፤ ቀለሙ ያልተሰነጠቀ ከሆነ መሞረጃና ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው ይከልክሉ፤ ገፍቶ የሚያወጣው ሰው እስኪገኝም ስርጉዳቱ እንዳለ ይቆይ፤ ቀለሙ እስካለ ድረስ አይዝግምና።